በማንዙራ ስም

ጥጥ ማሳ ላይ የእናቴ ስም ማንዙራ ነበር።

ከተማ ውስጥ ኦይሳራ ናት፤ የጤና ጣቢያውን ወለል የምትወለውል፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍን ኦይሳራ። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ እኔን በወለደች ዓመት ነው አሉ የረገፉት። ማሳው ላይ ግን ጠዋት ስም ሲጠራ፣ አለቃችን ኢስማት አካ፣ ጋሼ ኢስማት እንደማለት፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «ማንዙራ ኤርጋሼቫ!» ይላል፤ እናቴም ቀጥ ብላ «አለሁ!» ትላለች። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የገባኝም እንዲህ ነው። የጤና ጣቢያው የጥርስ ሐኪም ማንዙራ እናቴን በጣም ስለምትወዳት ስሟን አውሳታለች። ሰው ለሰው ድስት ያውስ የለ? ስምም እንደዚያው። ከስሙ ጋር ሐኪምነቱም አብሮ የተዋሰ ስለመሰለኝ፣ በማሳው መሀል ስሄድ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

በዚያ ዘመን በእኛ በፈርጋና ሸለቆ ጥጥ ሲደርስ ከተማው ይዘምታል። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሁሉም በየተራው። መቅረት ክልክል ነው። በምትክ ሰው መላክም ክልክል ነው፣ ግን ለእሱ ዓይን ይጨፈናል፤ የሚጨፈኑትም ዓይኖች በነጻ አይጨፈኑም። ማንዙራ ኦፓ፣ እትዬ ማንዙራ እንደማለት፣ ማታ ማታ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ ቤቷ ውስጥ የወርቅ ጥርስ ትተክል ነበርና ደጇ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። እሷ ለጥጥ ጎንበስ ባለች ቁጥር የስንት ሰው አፍ ተከፍቶ ይጠብቃታል።

እናቴን ያስቆመቻት ኮሪደር ላይ ነው። እናቴ የራሷን ተራ በራሷ ስም ለቅማ ከተመለሰች ገና ሳምንት አልሆናትም፤ የእጇ ጭረት እንኳ ቅርፊት አልያዘም። እኔ ባልዲው አጠገብ ቆሜያለሁ።

«ኦይሳራ፣ የኔ ውድ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለቻት። «ዘንድሮ ጊዜ የሚባል ነገር የለኝም። ሰዉን ታዪው የለ?»

«አያለሁ ኦፓ።»

«በኔ ፈንታ ሂጂልኝና እነዚያን ሁለት ጥርሶችሽን እኔ እሠራልሻለሁ። ተራ ብረት እንዳይመስልሽ። ወርቅ!»

እናቴ አፏን ሸፈነች። «ጊዜማ ሞልቶኝ ኦፓ» አለች በጣቶቿ መሀል። «ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

«ታድለሽ!» አለቻት ማንዙራ ኦፓ።

ይህን «ታድለሽ» ስንት ዓመት አላመጥኩት። ስትቀልድባት ነው ብዬ ብጠላት ይቀለኝ ነበር። አልቀለደችም፤ የእውነቷን ነው የቀናችባት።

እኔን የሚይዝላት ስላልነበረ ይዛኝ ሄደች። አባቴ ሩሲያ ለሥራ ብሎ ከሄደ ቆይቷል፤ ድምፁም ገንዘቡም ጠፍቷል። የእሱ እህት፣ አክስቴ ቶጂ፣ የጤና ጣቢያው ልብስ አጣቢ ናት፤ እሷም በራሷ ስም እዚያው ማሳ ላይ ነበረች። የምናድረው በገበሬዎቹ አዳራሽ ገለባ ላይ ሲሆን፣ በአንድ ጎኔ እናቴ በሌላው ቶጂ ትተኛለች። ቶጂ ታንኮራፋለች፤ እናቴ ደግሞ እግሬን በጭኖቿ መሀል ይዛ ታሞቅልኛለች።

ኅዳር ገብቶ ስለነበር ወፍራም ወፍራሙ ጥጥ ተለቅሞ አልቋል። የቀረው ከየቅርንጫፉ ላይ እንደ ፍርፋሪ የተረሳው ነው። ጠዋት ውርጭ ይዞት ጣት ያደነዝዛል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ የደረቀው ቅርፊት ይቧጭራል። እናቴ ሽርጧን ወገቧ ላይ እንደ ከረጢት ቋጥራ በሁለት እጇ ትለቅማለች። ሌሎቹ ቀና ብለው ወገባቸውን ሲይዙ እሷ ረድፏን ጨርሳ የሚቀጥለውን ትይዛለች። ማታ ጆንያዋ ሚዛኑ ላይ ሲንጠለጠል ኢስማት አካ፣ በከተማ የጤና ጣቢያው ዕቃ ቤት ኃላፊ በማሳ የሁላችን አለቃ፣ «ማንዙራ ዛሬም በለጠች!» ይላል፤ ሴቶቹ ይሳሳቃሉ።

«የሐኪም እጅ እኮ ነው» ትላለች ቶጂ። «ከጥርስ ጥጥ ይቀላል።»

አንድ ጠዋት እናቴ ጉንጯ አብጦ ተነሳች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ጥርሴ ሊበቅል ነው» አለችኝ። «ያንቺ ብቻ ይበቅላል ያለሽ ማነው?»

የእኔም የፊት ጥርሶች ወልቀው ነበር። ይበቅላሉ ተብሎ ተነግሮኝ በየቀኑ በምላሴ እየዳበስኩ እጠብቃለሁ። ስለዚህ ነገሩ አልከበደኝም።

«ወርቅ ሆነው ነው የሚበቅሉት?»

«ወርቅ ሆነው እንጂ!»

«ያማል?»

«ወርቅ ስለሆነ ትንሽ ያማል» አለችና ሻርፗን አገጯ ሥር ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

አሁን የማውቀውን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የተነሳባት ከኋላ ያለ አንድ የበሰበሰ ጥርስ ነው፤ ሥሩ መግል ቋጥሯል፣ መግሉም ወደ አንገቷ መንገድ ጀምሯል። ካደግሁ በኋላ ለአንድ ሐኪም የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ «አንድ ጊዜ ተከፍቶ ቢፈስላት እኮ ይበቃት ነበር» አለኝ። የሻይ መጠጫ ያህል ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ነው አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከክልሉ ተቆጣጣሪ መጣ። ጥቁር መኪናው ማሳው ዳር ሲቆም ኢስማት አካ የያዘውን ዳቦ ጣለ። ተቆጣጣሪው ወፍራም፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው፤ ጭቃ እንዳይነካው በጣውላ ላይ ቆመ። ሰዎቹን አሰልፎ ከስም ዝርዝሩ ካሻው ቦታ ይጠራ ጀመር።

«ማንዙራ ኤርጋሼቫ!»

«አለሁ።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

ኢስማት አካ ፈጠን ብሎ «የጥርስ ሐኪማችን ናት ጌታዬ» አለ።

ሰውየው እናቴን አየ። ያበጠ ጉንጯን፣ የተሰነጠቀ እጇን፣ በመዳፏ ያልሸፈነችውን ወላቃ አፏን አየ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«የጥርስ ሐኪም! ኧረ ጉድ! የራስሽን ማን ነቀለው ታዲያ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ኢስማት አካ ነው።

«ነይ እስቲ ዶክተር» አላትና አፉን ከፈተ። «ይቺ የታችኛዋ ብርድ ሲነካት ትጠዘጥዘኛለች። ምን ትይኛለሽ?»

እናቴ ጣቷን በሽርጧ ጠርጋ ቀረበች። በእግሯ ጣቶች ቆማ ወደ አፉ ውስጥ አየች።

«በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ» አለች፤ ከንፈሯ እምብዛም አይንቀሳቀስም። «ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ጥርስ ጊዜ አይሰጥም።»

«ሐኪሟ ሐኪም ጋ ሂድ አለችኝ እኮ! ሰማችሁ?» ሰውየው እንባውን ጠረገ። ወደ ኢስማት አካ ዞሮም «ቅዳሜ ብቅ እላለሁ፤ ይቺን ሐኪም እዚሁ እንዳገኛት» አለው፤ ጀርባውንም መታ አደረገው።

እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው በእናቴ ፊት አፉን ከፍቶ መቆሙ ኩራት በኩራት አደረገኝ። ሰውየው ከመነሻው ማን እንደሆነች እንዳወቀ፣ እየተጫወተባትም እንደነበር የገባኝ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። የማሳ ጉብኝት አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሰው የሚያስቅ ነገር ሲያገኝ አይለቅም።

ኢስማት አካ ያኔውኑ ወደ ከተማ ሳይደውል አልቀረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የማንዙራ ኦፓ ነጭ መኪና መጣች። ዳቦና ስኳር ይዛለች፤ ካፖርቷ ጥሩ ሽቶ ይሸታል። ሮጬ «ሊበቅሉ ነው! አብጧል!» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝና ወደ እናቴ ሄደች። የመኪናውን በር ከፍታ ወንበሩ ላይ በጎን አስቀመጠቻት፤ ከቦርሳዋ ትንሽ ባትሪ አወጣች።

«ክፈቺ። ... ከዚህ በላይ አይከፈትም?»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ማንዙራ ኦፓ ጎንበስ ብላ ባትሪውን አበራች፤ ወዲያው ፊቷን ወደ ጎን መለሰች። ከዚያ ቀና ብላ ጣቶቿን በሻይ ታጠበች፣ ከኢስማት አካ ጋርም በሩሲያኛ ተነጋገሩ። እኔ ከዚያ ሁሉ የገባኝ «እሑድ» የሚለው ብቻ ነው፤ ደስ የሚል ቃል ነበር።

ቶጂ በወጣትነቷ ከሩሲያውያን ጋር ስለሠራች ሁሉንም ሰምታለች። ለእኔ የነገረችኝ ግን ልትሞት ስትል ነው። «ይሄ ዛሬ መከፈት አለበት» አለች ሐኪሟ። ኢስማት አካም «ዛሬ ከወሰድሻት ቅዳሜ ራስሽ መጥተሽ ትቆሚለታለሽ፤ ሰውየው ፊቷን ስለለየ ሌላ ምትክ አይሆንም» አላት። ማንዙራ ኦፓ አሰበች። «ጠንካራ ናት» አለች በመጨረሻ። «እሑድ ድረስ ምንም አትሆን።»

እናቴ ሩሲያኛ አትችልም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ኦፓ፣ መኪናው ባዶ ነው» አለች። «አሁን አብሬዎት ልሂድና ይክፈቱልኝ። ነገ መመለሻ አላጣም።»

«የኔ ውድ፣ ነገ ጠዋት በስሜ ማነው አለሁ የሚለው? ደግሞ ነገ ከጠዋት እስከ ማታ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ አንቺን ሳመላልስ ቀኔ ማለቁ አይደል? እሑድ ለእረፍት አውቶቡሱ ይመጣላችኋል፣ ያውም በነጻ። በቀጥታ ቤቴ ነይ። ይሄን አጸዳልሽና ወርቆቹን እዚያው አስገባልሻለሁ። ተሠርተው አልቀዋል እኮ! ሳጥኔ ውስጥ ናቸው።»

«አልቀዋል?» አለች እናቴ።

«እንዴት እንደሚያምሩ ብታዪ!»

እናቴ ከወንበሩ ተነሳች። የተቀመጠችበትን አቧራ በሽርጧ ጠረገች፣ በሩንም ራሷ ቀስ ብላ ዘጋችው። ማንዙራ ኦፓ የሕመም ማስታገሻ ሰጠቻት፤ ለእኔ ከረሜላ።

በማግስቱ ጠዋት ስም ሲጠራ የእናቴ አፍ አልከፈት አለ። ኢስማት አካ ሁለት ጊዜ ጠራ። እናቴ እጄን ጨበጥ አደረገችው፤ እኔ ገባኝ።

«አለች!» ብዬ ጮህኩ።

«ዶክተራችን ጸሐፊ ቀጥራለች!» አለ ኢስማት አካ፤ ሳቁና ወደ ረድፋችን ገባን። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መልስ መስጠት የእኔ ሥራ ሆነ። ድምፄ ከሁሉም በላይ እንዲሰማ እጮኽ ነበር።

በማሳው ዳር ጠዋት ጠዋት የወተት መኪና ያልፋል። ወደ ከተማ ነው የሚሄደው፤ የሚከፍል ሰው ካለ ሾፌሩ አጠገቡ ያስቀምጣል። ዓርብ ቶጂ እጇን ዘርግታ አስቆመችውና እናቴን ጎተተቻት።

«ሂጂ እንጂ አንቺ! ፊትሽን አይተሽዋል? አንገትሽ እኮ ከአገጭሽ ጋር አንድ ሆኗል! ገንዘብ የለሽም እንዴ?»

እናቴ በጥርሶቿ መሀል፣ ቃል በቃል እያወጣች መለሰች። «እሑድ በነጻ ለምሄድበት፣ ዛሬ ለወተት መኪና ልክፈል? ቅዳሜስ ያ ሰውዬ መጥቶ ቢያጣኝ? የለፋሁበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት አይደል?»

«ትሳፈሪያለሽ ወይስ አትሳፈሪም?» አለ ሾፌሩ። «ወተቱ ይበላሽብኛል።»

«ሂድ ወንድሜ።»

ቶጂ መኪናው እስኪርቅ አየችው። ተቆጥታ የምትቀጥል መስሎኝ ነበር። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለች ግን፤ «ከነገ ወዲያ ለሚገኝ ነገር» ብላ ወደ ረድፏ ጎነበሰች። በእናቴ ቦታ ብትሆን ኖሮ እሷም አትከፍልም ነበር። እኛ ዘንድ ማንም አይከፍልም ነበር። እግር እያለ ለአውቶቡስ፣ እጅ እያለ ለማሽን፣ ነገ እያለ ለዛሬ መክፈል ለእኛ ቅብጠት ነበር።

እኔም መኪናው ሲሄድ ደስ አለኝ። ገበያ ላይ ያየኋት ውስጧ ፀጉር ያላት ቦት ጫማ ነበረች፤ እናቴ ከጥጥ ስንመለስ እገዛልሻለሁ ብላኛለች። ከተማ ቶሎ ከሄደች ቶሎ ትመለሳለች ብዬ አልነበረም ያሰብኩት። ለሾፌሩ የምትከፍለው ከጫማዬ ላይ ነው ብዬ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ማንም አላስተማረኝም፤ ከጡት ጋር የጠባሁት ነው።

ቅዳሜ ተቆጣጣሪው አልመጣም። እናቴ ቀኑን ሙሉ ተንበርክካ ለቀመች፤ ጎንበስ ስትል ደም ወደ ፊቷ እየሄደ ስለሚያንገበግባት ነው። ምራቋን መዋጥ አቅቷት በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች። ማታ ጆንያዋ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ያን ቀንም ቀላል አልነበረም። ኢስማት አካ ግን አልቀለደም። ፊቷን አየና ዓይኑን ወደ ሚዛኑ መለሰ፤ «ነገ ትሄጂያለሽ፤ ነገ» አላት። ስንተኛ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ጋደም ስትል አየር ያጥራታል። እኔ የበቀሉት ጥርሶች እንዳይጣመሙባት መሰለኝ። እግሬን ግን እንደ ልማዷ በጭኖቿ መሀል ይዛ አሞቀችልኝ። ጭኖቿ እንደዚያ ቀን ሞቀውኝ አያውቁም።

እሑድ አውቶቡሱ ማልዶ መጣ።

ነጻ አውቶቡስ እስኪሞላ አይነሳም። ሾፌሩ ሻይ ጠጣ። ኢስማት አካ ከገበሬዎቹ ያገኘውን የካሮት ጆንያ አስጫነ፤ አንዱ ጆንያ ተቀደደና ካሮቱ መሬት ላይ ተበተነ፤ ልጆች ለቅመን መለስን። እኔም ለቀምኩ። እናቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ትንፋሿ እንደ ጀበና እየተንፈቀፈቀ ከደጅ ይሰማል። ቶጂ ሾፌሩን «ወንድሜ፣ የታመመ ሰው አለ እኮ» አለችው። «ሁሉም የታመመ ነው እናቴ፤ ከጥጥ የሚመለስ ጤነኛ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

በመጨረሻ ተነሳን። ቶጂ ከፊት ከጆንያዎቹ ጋር ተቀመጠች፤ እኔ እናቴ አጠገብ። መንገዱ ላይ ሴቶቹ መዝፈን ጀመሩ፤ ወደ ቤት ነውና ደስ ብሏቸዋል። የእናቴ ራስ መስኮቱ ላይ ይመታ ስለነበር ሻርፔን አጥፌ ሥሩ አደረግኩላት። ትንሽ ቆይቶ ያ ድምፅ ከትንፋሿ ጠፋ። ስንት ቀን ያልተኛች እናቴ እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ በጣም ደስ አለኝ። ብድግ ብዬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩና፣ «ዝም በሉ! እማዬ ተኝታለች!» አልኩ። ሴቶቹ እየሳቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዷ ሐብሐብ ልትገዛ አውቶቡሱን ስታስቆም እንኳ በሹክሹክታ ነበር የተከራከረችው። ከተማ እስክንገባ ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም። እጇ ሲቀዘቅዝብኝ በሁለት እጄ ይዤ እፍ እፍ አልኩላት።

ጤና ጣቢያው ደጅ ስንደርስ ቶጂ ልትቀሰቅሳት መጣች። እኔም «ቀስ ብለሽ» አልኳት።

ሴቶቹ ሊያጥቧት ልብሷን ሲያወልቁ ከቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ የተሰፋ ገንዘብ አገኙ። ለወተት መኪናው ደግሞ ደጋግሞ የሚበቃ ነበር። ቶጂ ጫማዬን የገዛችልኝ በዚያ ነው። ውስጧ ፀጉር አላት፤ ሰፋ ያለች ስለሆነች ለሁለት ክረምት ሆነችኝ።

ማንዙራ ኦፓ ለቅሶ መጣች። ጥቁር ሻርፕ አድርጋ ነበር፤ ደግሞም አለቀሰች፣ የውነት ነው ያለቀሰችው፣ አፍንጫዋ እስኪቀላ።

«ምነው፣ ምነው መኪና ይዛ ብትመጣ!» አለች ቶጂን ይዛ። «ስንት ቢሆን ነው? ሰው ለራሱ እንዲህ ይሰስታል? ነፍሷን ከምን ቆጠረቻት?»

ቶጂ ሻይ ቀዳችላት።

ልትሄድ ስትል ማንዙራ ኦፓ ከቦርሳዋ በጥጥ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አወጣች። ቶጂ ጥጡን ስትገልጠው አንዲት የወርቅ ጥርስ አበራች።

«ሁለት ነበር ያልነው» አለች ማንዙራ ኦፓ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን የጥጡ ሥራ ሳያልቅ ቀረ። ለቀረው ሌላ ሰው ከፍዬ ልኬያለሁ። ሐቅ ሐቅ ነው ቶጂ፤ የሟች ዕዳ እላዬ ላይ እንዲያድር አልፈልግም።»

ጎንበስ ብዬ አየኋት። ንጹህ፣ ትንሽ፣ የምታምር ነበረች። ከእናቴ አፍ ውስጥ የወጣች መሰለኝ፤ ማለት አንዷ በቅላ ነበር። ሌላዋ ስላልደረሰች እዚያው ከእሷ ጋር ቀረች አልኩ። ይህ ሐሳብ ብዙ ሌሊት አስተኝቶኛል። ቶጂ ከሰል ሲያልቅብን ጥርሷን ልትሸጥ ወጣች፤ በከተማው ውስጥ የወርቅ ጥርስ የሚገዛ ሰው አንድ ብቻ ስለነበረ ለማንዙራ ኦፓ ሸጠችላት። ማን አፍ ውስጥ እንደገባች አላውቅም። እስከ ዛሬ በዚያ ከተማ አሮጊቶች ወርቅ አሳይተው ሲስቁልኝ ዓይኔ አፋቸው ላይ ይቀራል።

የጥጡ ዘመቻ መዝጊያ በዓል በባህል አዳራሹ ተደረገ። ሠራተኛ ሁሉ እንዲገኝ ስለታዘዘ ቶጂ እኔንም ይዛኝ ሄደች። አዲሱን ጫማዬን አድርጌያለሁ። መድረኩ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ቴሌቪዥንና የሻይ ዕቃ ተደርድሯል፤ ከፊት ረድፍ ያ ወፍራም ተቆጣጣሪ ተቀምጧል። ጉንጩ ደህና ነው፤ ሐኪም ጋ ሄዷል ማለት ነው። ኢስማት አካ ኮፍያውን አውልቆ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ከጤና ሠራተኞች መካከል የዘንድሮ ምርጥ ለቃሚ» አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማንዙራ ኤርጋሼቫ!»

ያ ስም በእሱ አፍ ሲጠራ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። አዲሱ ጫማዬ ወንበሩ ላይ ጓ እስኪል ብድግ ብዬ ቆምኩ።

«አለች!»

ሳቅ ከፊት ረድፍ ተነሳ። ተቆጣጣሪው ዞሮ አየኝና ለጎረቤቱ ሹክ አለው፤ ከእነሱ ወደ ኋላ ረድፍ በረድፍ ተላለፈ፣ ማን ላይ እንደሚስቁ ያላወቁትም ሳቁ። ማንዙራ ኦፓ ወደ መድረኩ በሚያወጣው ደረጃ መሀል ላይ ቆማ ነበር፤ እጇን ወደ እኔ አወዛውዛ፣ «የጽዳት ሠራተኛችን ልጅ ናት፣ ሚስኪን» ብላ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ወጥታ ምንጣፉን ተቀበለች። ቶጂ ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ጎተተችኝ፤ ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገባ። ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም። እናቴ አሸንፋለች፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ የፊት ጥርሶቼ ገና ስላልበቀሉ አፌን በመዳፌ ሸፍኜ።